ዓሣ የሚያጠምደው ማን ነው?

«እትዬ ስንት» ይሏት ነበር። ወላጆቿ ያወጡላት ደኅና ስም ነበራት፤ ነገር ግን በር እያንኳኩ የሚኖሩ ሰዎች ስማቸውን የሚያገኙት ከበር ከፋቾቹ ነው። «ቤተሰቡ ስንት ነው? ጀልባ ስንት አላችሁ? ባሕር የሚውለው ስንት ሰው ነው?» እያለች ዓመታት ስለ ዞረች፣ ገና ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል አጥማጆቹ ከሚጠግኑት መረብ ቀና ይሉና፣ «እትዬ ስንት መጣች፤ ዶሮዎቹን አስገቡ፣ እነሱንም ትጽፋቸዋለች» ይባባላሉ።

አትቆጣም ነበር። ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእርሷ ጉልበት ደግሞ በሁለቱም ትርጉሙ አልቆ ነበር። ደረጃ ስትወጣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ግራውን ትጎትታለች። የትከሻ ቦርሳዋ መጠይቆቹን፣ ሁለት እስክርቢቶና የውኃ ጠርሙስ ይይዛል፤ ማንገቻው ከበላው ትከሻዋ ወደ ሌላው ስታዛውረው፣ ያኛውም ከተበላ ብዙ ጊዜው መሆኑ ትዝ ይላታል። ጡረታዋ ቀርቧል። ስለ ጡረታ ስታስብ የሚታያት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ወንበር።

ሥራዋ በባሕር ሀብት መሥሪያ ቤት ውስጥ መረጃ መሰብሰብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጣው ኃላፊ፣ ጸጉሩ ያለ ዕድሜው የሸሸ ትሑት ሰው፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንዲህ አላቸው፤ «ባሕሩ ሊከፋፈል ነው። የትኛው ክፍል ለጀልባ ይሁን፣ የትኛው ለመርከብ፣ የትኛው ደግሞ ዓሣ እንዲራባበት ይዘጋ የሚለውን ኮሚቴው ይወስናል። እስከ ዛሬ ሲወሰን የኖረው ዓሣው ተቆጥሮ ነው። ሰውን የቆጠረ የለም። ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን በምን እንደሚኖር ሳናውቅ ብንከፋፍል፣ የምንዘጋው ባሕር ሳይሆን የሰው ቤት ነው።» እትዬ ስንት በዚህ ንግግር ከልቧ አመነች። በየመንደሩ የዞረችውም፣ ውሻ የተለቀቀባትም፣ ዝናብ የመታትም ስለ አመነች ነው። ያላመነ ሰው መጠይቁን ከበር ላይ ተመልሶ ከጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሞላዋል፤ እርሷ አንድም ቀን ይህን አላደረገችም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረዋል፤ የታላቂቱ ልጆች አግብተው ርቀው ሄደዋል። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ነው፤ በሩ ወደ ባሕር ይከፈታል፤ የጨው ነፋስ የበላው መዝጊያ ሲዘጋ ያቃስታል። ታናሺቱ «እታለም» ትላታለች፤ ታላቂቱ ደግሞ ታናሺቱን አምሳ ዓመት ካለፋት በኋላም «አንቺ ልጅ» ነው የምትላት።

እታለም ዛጎል ትለቅማለች። ውኃው ሲሸሽ፣ ከሰፈሩ በታች ያለው ዳርቻ ጭቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ አሸርጠው፣ ሳፋቸውን በገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ይወርዳሉ። ሳፋው ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ይከተላቸዋል። ዓይናቸው የሚፈልገው ከጭቃው ላይ ያሉትን ጥንድ ቀዳዳዎች ነው፤ መርፌ የወጋቸው ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ዛጎሉ አፉን ገጥሞ ተቀብሯል። ጫፉ በታጠፈ ብረት ጫር አድርጎ ማውጣት ነው። ከዚያ መታጠብ፣ መቀቀል፣ ሥጋውን ፈልቅቆ ለገበያ ማቅረብ አለ። ጀልባ በማይወጣበት፣ ማዕበሉ በሚከፋበት ወቅት፣ ከሰፈሩ ምድጃዎች የሚበዙት የሚጤሱት በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ግን ሥራ ተብሎ አይጠራም። አንዲቱ «ወዴት ነሽ?» ስትባል «እስቲ ወረድ ልበል» ትላለች፤ ስትመለስም «ወርጄ መጣሁ» ትላለች። በቃ፤ መውረድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራት። ቢሮው ገብታ ሳትቀመጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዲስ ካርታ አየችው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አላት ወንበር እየሳበ። «ይኸው፤ የእርስዎ እግር የሠራው ነው። በጣም የተጠቀሙበት ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ ጥቂት የተጠቀሙበት ፈዛዛ፤ ማንም የማይጠቀምበት ነጭ። ከወሩ መጨረሻ በፊት ለኮሚቴው ይቀርባል።»

«አምሯል» አለች፤ እውነትም አምሮ ነበር። ከዚያ ጣቷን አነሣችና ከሰፈሯ ሥር ያለውን ጠርዝ ነካችው። «ይኼ ለምን ነጭ ሆነ?»

«ተጠቃሚ የለበትማ። እንዲያውም ትልቁ ዕድላችን እርሱ ነው። የዓሣ ጫጩት የሚያድገው እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው ይላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ብንዘጋው ማንንም አንጎዳም። ካርታው ላይ ማንንም የማይጎዳ ቦታ ማግኘት እንዴት ያለ እፎይታ መሰለዎት።»

እትዬ ስንት ለመናገር የፈለገችው «እህቴ አለች» የሚል ነበር። ነገር ግን የሰበሰበችው እርሷው ናት፤ ነጩን ያነጣችው እርሷ ናት። ያላጣራችውን ነገር መናገር አልለመደባትም። «ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» ብላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ እታለም ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዛጎል ታጥባለች። እትዬ ስንት ቦርሳዋን ሳታወርድ ከፊቷ ቆመች።

«እታለም፣ ባለፈው ዓመት ለመጠይቁ አንቺንም ጠይቄሽ ነበር። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«ምን እላለሁ፤ እንደ እንግዳ ከበር ላይ ቆመሽ ስትጠይቂኝ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር እንጂ።»

«‹ከዚህ ቤት ዓሣ የሚያጠምደው ማን ነው?› ነበር ያልኩሽ።»

«አዎን። ‹ማንም የለም› አልኩሽ። ታዲያ ማን አለን? ወንዶቻችንን ቀብረናል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺ አትወርጂም?»

እታለም እጇን ከሳፋው አውጥታ ታናሿን ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ መትቶሻል? የሚያጠምደው ነው ያልሽኝ። እኔ ወንድ ነኝ?»

እትዬ ስንት ከበሩ መድረክ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። ቋንቋችን ግሡን ወንድና ሴት አድርጎ ይለያል፤ «የሚያጠምደው» ያለ ሰው፣ ቢያስብም ባያስብም፣ ወንድ ጠይቋል። በየቤቱ በር የከፈቱላት ሴቶች የተጠየቁትን ወንድ በታማኝነት ነገሯት፤ ባሌ፣ ልጄ፣ ወንድሜ፣ የለም። አንዲቱም አልዋሸችም። ደግሞም «ማጥመድ» ሲባል የሚታያቸው ጀልባና መረብ ነው፤ በእግር ወርዶ መልቀም ከቶ በዚያ ቃል ውስጥ አይገባም። ጥያቄው ሁለት ጊዜ አልፏቸው ሄዷል፤ አንድ ጊዜ በጾታው፣ አንድ ጊዜ በስሙ። ያንን ዓረፍተ ነገር ደግሞ፣ ከበር በር፣ ሳትሰለች ያነበበችው ራሷ ናት። በልጅነቷ ሰዋስው አስተምረዋታል። የሚያስፈልግበት ቀን እንደሚመጣ ግን የነገራት አልነበረም፤ ወይም ነግረዋት አልሰማችም።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት የተሰማት ድካም ከእግር የመጣ አልነበረም። ብትናገር ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ ያንን ሁሉ ደጅ እንደ ገና ማንኳኳት። ብትተወው የሚያውቅባት የለም። ካርታው አምሯል፤ ኃላፊው ተደስቷል፤ ጡረታው ደርሷል፤ ወንበሩ ይጠብቃታል። ዳርቻው ሲዘጋ ደግሞ ሰው «መንግሥት ዘጋው» ይላል እንጂ «ግሡ ዘጋው» አይልም። ይህን ሁሉ አሰበች፤ ማሰቧንም አልካደችም። እታለም ግን ከአጠገቧ ዛጎሎቹን በውኃ እያማታች ታጥባለች፤ ጣቶቿ ጨው ሰነጣጥቋቸው እንደ ደረቀ መሬት ሆነዋል። እነዚያን ጣቶች እያዩ ዝም ማለት አልተቻላትም።

በማግሥቱ ጠዋት ለኃላፊው ነገረችው። እርሱም አላቋረጣትም። ስታበቃ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«ያነበብኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እናቴም ትወርድ ነበር፤ እኛ ሰፈር፣ ሌላ ዳርቻ ላይ። ይኸው እኔም ረሳሁት።» መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ «ከካርታው ግርጌ ማስታወሻ ልጨምርበት፤ ‹አንዳንድ ሴቶች በእግር ይጠቀሙበታል› የሚል።»

«ማስታወሻ ቀለም የለውም፣ ኃላፊ። ኮሚቴው የሚያየው ቀለሙን ነው።»

«ስብሰባውን ማዘግየት አልችልም፣ እትዬ። በሥልጣኔ ያለው ያንን ጠርዝ ብቻ ‹ገና ያልተጠና› ብዬ ማቆየት ነው። ለቀጣዩ ስብሰባ ግን መልሱ መድረስ አለበት። እና . . . የምሰጥዎ ሌላ ሰው የለኝም።»

«ይህንንማ አውቄዋለሁ» አለች፤ ከወንበሩም ተደግፋ ተነሣች።

አዲሱን ጥያቄ ሁለቱ ተቀምጠው ጻፉት፤ «ውኃው ሲሸሽ ከዚህ ቤት ወደ ዳርቻው የሚወርዱት እነማን ናቸው?» በብዙ ቁጥር ሲሆን ግሡ ወንድና ሴት አይለይም። አጭር ጥያቄ ናት፤ መጀመሪያውኑ ብትጻፍ ኖሮ የአንዲት ሴት ጉልበት ይተርፍ ነበር።

ሰፈሩ ግን በጥያቄ ሰልችቶ ነበር። የመጀመሪያው በር ሲከፈት የመረብ ሠሪው ሚስት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ደግሞ መጣሽ? ባለፈው የነገርንሽን የት ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። የጠየቅኋችሁ ተሳስቼ ነው።»

«እሰይ፤ አምና ተሳስተሽ ዘንድሮ ልታርሚን? ስንት ጊዜ ልንቆጠር ነው፣ እኛ በግ ነን?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ናት» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ ወገቧን ለቀቀች። «የሚወርዱት? እኔ ነኛ፤ ሁለት ሴት ልጆቼ፤ ምራቴ፤ ማዕበል ሲከፋ ደግሞ አማቴም ይወርዳሉ፤ ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ከሁላችን በላይ ይለቅማሉ። ምነው ያን ጊዜ እንዲህ ብለሽ በጠየቅሽን።»

«ምነው» አለች እትዬ ስንት፤ ጻፈችም።

በሌላው ቤት የከፈተላት አባወራው ነበር፤ ጥርሱን እየፋቀ። «ከኛ ቤት የሚወርድ የለም። እርሷ እንደሆነ ሥራ የላትም፤ ቤት ነው የምትውለው» አላት። ይህን ሲል ሚስቱ እስከ ጭኗ ጭቃ ሆና፣ ሞልቶ የሚፈስ ሳፋ አቅፋ፣ በሁለቱ መካከል አልፋ ገባች። እትዬ ስንት እርሷን አየች፤ ከዚያም ባልየውን አየችው። እርሱም የጥርስ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«እንግዲህ . . . ይቺን እንኳ ሥራ ካልሽው» አለ።

ከውስጥ የሚስትየው ድምፅ መጣ፤ «ትላንት ማታ የበላኸው ከየት የመጣ መሰለህ፣ ከእረፍቴ ነው?»

ባልየው ጆሮውን አከከ። «ጻፊያት፤ ጻፊያት» አለ።

ሁሉም በር እንዲህ አላሳቀም። የደከማቸው ብዙ ነበሩ፤ ያልከፈቱ ነበሩ፤ «ነግሬሽ ምን ይለወጣል» ያሉ ነበሩ፤ እርሷም ለእነርሱ የምትመልሰው የተረጋገጠ ነገር አልነበራትም። «አላውቅም፤ ግን ካልተጻፋችሁ የማይለወጠውን አውቃለሁ» ትል ነበር። ሲመሽ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ በራሰ ጨርቅ አስራ ትተኛለች፤ ሲነጋም ቀኝ እግሯን አስቀድማ ትወጣለች። በመጨረሻ የቀረው አንድ ቤት ነበር፤ የራሷ።

«አልነግርሽም» አለች እታለም።

«እንዴት?»

«እንዴትማ አትበይ። እስከ ዛሬ የኖርኩት ማንም ሳያውቀኝ ነው። ውኃው ይሸሻል፣ እወርዳለሁ፤ ይመለሳል፣ እመለሳለሁ። ከጻፍሽኝ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ‹ፈቃድሽ የት አለ› ይለኛል። ከዚያ ‹በዚህ ቀን ውረጂ፣ በዚያ ቀን አትውረጂ› ይመጣል። ጀልባዎቹን እንዲህ አይደል ያደረጓቸው?»

«ካልተጻፍሽ ጭራሽ ይዘጋል፣ እታለም።»

«ሌሎቹ ተጽፈዋል አይደል? ይበቃል። በእነርሱ ጥላ እወርዳለሁ።»

እትዬ ስንት ልታስገድዳት ትችል ነበር፤ ወይም ሳትጠይቃት መሙላት። የእህቷን መልስ ሁሉ በልቧ ታውቀዋለች። ነገር ግን ሳይፈቅድ የተጻፈ ሰው የተሰረቀ ሰው ነው ብላ ታምናለች፤ ይህም እምነቷ ከእህቷ ቤት ሲደርስ የሚቆም አልነበረም። የራሳቸውን ቤት ባዶ ተወችው። በዚያ ሳምንት በመካከላቸው ብዙ ቃል አልተለዋወጡም፤ ያቃሰተው መዝጊያው ብቻ ነው።

ቀጣዩ ስብሰባ በደረሰ ጊዜ እትዬ ስንት ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ዳርቻው ከነጭነት ወጥቶ ደማቅ ሰማያዊ ሆኗል፤ ከጀልባዎቹ ባሕር ይልቅ ይደምቃል። ከኮሚቴው አንዱ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ ካርታውን በእስክርቢቶ እየጠቆመ፣ «እነዚህ ሁሉ ሴቶች በአንድ ዓመት ከየት መጡ?» አለ።

ኃላፊው ቆሞ መለሰ፤ «ከየትም አልመጡም። እነርሱ እዚያው ነበሩ፤ ያልደረሳቸው ጥያቄያችን ነው።»

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ፍጻሜውም ማንንም ሙሉ በሙሉ ደስ አላሰኘም። ዳርቻው አይዘጋም፤ ዓሣው በሚራባበት ወቅት ግን ግማሹ ይከለከላል። የሚለቅሙትም የፈቃድ ካርድ ይወጣላቸዋል፤ ካርዱ የሚሰጠው በጥናቱ ለተመዘገቡት ነው፤ መዝገቡም በሳምንቱ መጨረሻ ይዘጋል። ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ እትዬ ስንት ዓይኗን ጨፈነች። እታለም የፈራችው በትክክል ደርሷል፤ ያደረሰችውም እርሷ ናት። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጭራሽ ዳርቻ ባልኖረ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አያነጻውም።

ገና ሳይመሽ ቤት ገባችና ሁሉንም ነገረቻት፤ አላሳመረችውም፤ ስለ ካርዱም አልደበቀችም።

«አልኩሽ አይደል?» አለች እታለም።

«ብለሽኛል።»

«ግማሹ የሚከለከለው የትኛው ነው?»

«ከአሮጌው የጀልባ መወጣጫ ወዲያ ያለው።»

«ደጉን ወስደዋላ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ወዲህኛው ጠጠር ይበዛበታል። ቢሆንም አለ።» ከዚያ በርጩማዋን ከጠረጴዛው አጠገብ ሳበችና እንደ ተማሪ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። «በይ ጠይቂኝ። በደንቡ ጠይቂኝ ታዲያ፤ እንደ እንግዳ።»

እትዬ ስንት መጠይቁን አወጣች፤ እስክርቢቶዋንም ከፈተች። «ውኃው ሲሸሽ ከዚህ ቤት ወደ ዳርቻው የሚወርዱት እነማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቁመቴ ከሳፋው ሳይበልጥ ጀምሮ።»

«ከማን ተማርሽው?»

«ከእናቴ» አለችና ታናሿን አየቻት፤ «ከእናታችን እንዳልል እንግዳ ነሽ።»

እትዬ ስንት ጎንበስ ብላ ጻፈች። እታለም አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን ተመለከተች፤ ፊደል ባትለይም ቁጥር ታውቃለች።

«አንድ ብለሽ ነው የጻፍሽው? ሁለት በያ። ጡረታ ስትወጪ ከዚህ ቤት ተቀምጠሽ ልታፈጪብኝ ነው? ትወርጃለሽ።»

«የሌለ አይጻፍም፣ እታለም።»

«እኔ በወረቀት ላይ ሳልኖር የኖርኩት ስንት ዓመት ነው? አንቺ ደግሞ ሳትወርጂ ብትጻፊ ምን አለበት።»

«አይጻፍም» አለች እትዬ ስንት። አንዱን አንድ እንዳለ ተወችው፤ ከሥሩ ቀኑን ጻፈችና እህቷ የምትፈርምበትን መስመር በጣቷ አሳየቻት። እታለም የተሰነጣጠቀ አውራ ጣቷን ከቦርሳው በወጣ የአሻራ ቀለም ነክራ ከመስመሩ ላይ አጥብቃ ተጫነች፤ እስኪደርቅም ድረስ ወረቀቱን ሁለቱ ተጠንቅቀው ከነፋሱ ያዙት።